ከመጋረጃው ጀርባ ያለው መንገድ

ደም አይታ የማትደነግጠው፣ ቀኑን ሙሉ ስታምጥ የዋለችን ሴት እጅ ይዛ «አይዞሽ፣ ደርሰናል» ማለት የማይሰለቻት ያቺ አዋላጅ፣ በዓለም ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኪና መሪ። ዛሬ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበት ያን ዘመን ስታወራ ከልቧ ትስቃለች። ያኔ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ይርቃል። አንዲት ነጭ መኪና አለችው። ሾፌሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምትክ ስላልተላከ መኪናዋ ከዛፍ ሥር ቆማ ቅጠል ይረግፍባታል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ምጥ የጠናባት ሴት መጣች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋት ነበር። ከከተማ መኪና እስኪላክ አምስት ሰዓት ሙሉ ተጠበቀ። እናትየዋ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም።

አዋላጇ ከክፍሉ ወጥታ እጇን ስትታጠብ በመስኮቱ በኩል መኪናዋን አየቻት። ጎማ አላት፣ ነዳጅ አላት፤ የሚነዳት ሰው ብቻ ነው የሌላት። በማግስቱ ኃላፊው ዘንድ ገባችና «የሁለት ወር ፈቃድ ስጠኝ፤ መንጃ ፈቃድ ይዤ እመጣለሁ» አለችው።

ማለት ቀላል ነው።

እናቷ ቤት ከተማ ተቀምጣ ማሠልጠኛ ገባች። አስተማሪዋ ጉሮሮው የማይደክም ሰው ነበር። «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን አልኩሽ እኮ!» እያለ በጮኸ ቁጥር ሁለት እግሮቿ የማን እንደሆኑ ይጠፋባታል። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ዳገቱ መሃል ሞተር አጠፋች። ሁለተኛው ላይ ወደ ፊት ልትሄድ አስባ ወደ ኋላ ሄደችና ምሰሶ ገጨች። ፈታኙ የሚጽፈውን ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለና «እህቴ፣ መኪና ለሁሉም ሰው አይደለም» አላት። አንድ ዕድል ብቻ ቀራት፤ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ።

እያካፋ ነበር። እንባዋንና ካፊያውን አንድ ላይ እየጠረገች ስትሄድ ቦርሳዋ ውስጥ የተበላሸች መሣሪያ እንዳለች ትዝ አላት፤ ሕፃን እናቱ ሆድ ውስጥ እያለ የልቡን ምት የምታሰማ፣ በእጅ የምትያዝ ማዳመጫ። ቢያንስ እሷን አስጠግኜ ልመለስ ብላ ያገኘችው ሱቅ ገባች።

ሱቁ ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንዱ ወገን አንዲት ጠና ያለች ሴት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። በሌላው ወገን ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖችና ኮምፒውተሮች መሃል አንድ ወጣት አቀርቅሯል። ሲሠራ ብሎኖቹን በከንፈሩ ይዞ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» የሚለውም ለዚህ ነው።

«ምንድን ነው የምታዳምጠው?» አለ መሣሪያዋን እያገላበጠ፣ ብሎኑን ሳይተፋ።

«የሕፃን ልብ። ሳይወለድ።»

ብሎኑን ከአፉ አወጣው። እንደዚህ ያለ ነገር ብሎን ጎርሶ የሚነካ አይመስለውም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ፈታ፣ ጠረገ፣ በየደ። ሲጨርስ ጭንቅላቱን አከከ። «አሁን መሞከር አለበት። እዚህ ደግሞ እርጉዝ የለም።»

«ወደ እኔ እንዳታይ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከማዶ። ታላቅ እህቱ ናት።

«እጅ አንጓ ላይም ይሰማል» አለች አዋላጇ። አንጓውን ያዘችና ውሃ ጠብ አድርጋ መሣሪያዋን አስጠጋች። የልቡ ድምፅ ሱቁን ሞላው። በደንብ ልትሰማ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። ይኼኔ ምቱ ሩጫ ጀመረ። የልብ ምት መቁጠር ሥራዋ ነውና ሰባ ሁለት የነበረው መቶ አራት ሲገባ አወቀች።

«ይሠራል» አለ በመጨረሻ፣ እጁን ቀስ ብሎ እየሳበ።

ልትወጣ ስትል በስተጀርባ ያለው መጋረጃ ገለጥ ብሎ አንድ ነገር አየች። ከተጣለ የጭነት መኪና የተነቀለ ወንበር፣ ከፊቱ ትልቅ መሪ፣ ከሥሩ ሦስት መርገጫዎች፣ በጎኑ የማርሽ ዘንግ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ሰፊ ስክሪን።

«ያ ምንድን ነው?»

«የመኪና መንጃ ጌም ነው። መሪውንና መርገጫውን ራሴ ነኝ የሠራሁት።» ዓይኗን አየ፤ ቀይ ነው። «መንዳት ይወዳሉ?»

«እኔን ነው? ዛሬ ሁለተኛ ጊዜ ወድቄ ነው የመጣሁት።»

መጋረጃውን ገፋ አደረገው። «ይቀመጡ።»

ሳቋ መጣ። የልጆች ጨዋታ ላይ ልቀመጥ? ግን ውጭ ካፊያው በርትቷል፤ ቤት ደግሞ እናቷ «እህሳ፣ አለፍሽ?» ልትላት ቆማ ትጠብቃለች። ተቀመጠች።

ቁልፉን ስታዞር ሞተር ተነሳ፤ መሪው እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ስክሪኑ ላይ የከተማ መንገድ አለ፤ ዳር የቆሙ መኪኖች፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ከረጢት አንጠልጥላ የምትሄድ አሮጊት።

«ፍሪሲዮን ይርገጡ። አንደኛ ማርሽ ያስገቡ። ከዚያ ቀስ እያሉ ይልቀቁት።»

ለቀቀችው። መኪናው እንደሚያስነጥስ ሰው ነቅነቅ ብሎ ጠፋ።

«ይኸው! ጌሙም ጠላኝ።»

«ጌሙ ማንንም አይወድም፤ ማንንም አይጠላም። እውነቱን ነው የሚናገረው። ደግመው ያስነሱ።»

ደግማ አስነሳች፤ ጠፋ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። በአምስተኛው መኪናው ዳዴ እንደሚል ሕፃን ተንቀሳቀሰ። ደስታዋ ይሁን ድንጋጤዋ፣ መሪ የሚባል ነገር እንዳለ ረሳች። መኪናው ሰተት ብሎ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ።

«ኧረ እማማ! ዞር ይበሉ እማማ! ይቅርታ እማማ!» እያለች ሁለት እጇን ከመሪው አንስታ ዓይኗን ሸፈነች።

ከማዶ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። «ማንን ነው የገደላችሁት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ብሎን ግድግዳውን ተደግፎ ይስቃል። «ተመልከቻት፣ ምንም አልሆነችም። እዚህ ሰው አይሞትም። ለዚህ እኮ ነው እዚህ የምትሳሳቺው።» እውነትም አሮጊቷ ብድግ ብላ ከረጢቷን አንጠልጥላ መንገዷን ቀጥላለች።

አዋላጇም ሳቀች። «እርስዎ» ማለቱን ትቶ «አንቺ» እንዳላት ትዝ ያላት እናቷ ቤት በር ላይ ስትደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እየመጣች ከመጋረጃው ጀርባ ትገባ ጀመር። እሱ ባዶ ሳጥን ገልብጦ ከጎኗ ይቀመጣል። ጌሙ እንደፈራችው ሁሉ የማይምር ነበር። የእጅ ፍሬን ሳትለቅ ከተነሳች ሞተሩ ይቃጠላል። ፍሬቻ ሳታሳይ ከታጠፈች ከኋላ ያለው ክላክሱን ያምባርቅባታል። ዝናብ ሲዘንብ መጥረጊያውን ካላስነሳች መንገዱ ይጠፋል፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ደፍጠጥ ካደረገች መኪናው ዞሮ የመጣበትን ያሳያታል። እሷ ደግሞ ቅጠል ቢወድቅ ፍሬን፣ ወፍ ብትበር ፍሬን ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ፍሬን ነው» አላት።

«ብሎን ብለው የሚጠሩት ሰው ስም ያወጣል እንዴ?»

«ሁለታችንም የመኪና ዕቃ ነን፤ ምን አለበት?»

አንድ ቀን አደባባይ ገብታ መውጫው ጠፋባት። አንዴ ዞረች፤ ሁለቴ ዞረች።

«መውጫው የቱ ጋ ነው?»

«አሁን አለፍሽው።»

ሰባት ጊዜ ዞረች። በሰባተኛው «እንግዲህ እዚሁ አደባባዩ መሃል ጎጆ ቀልሰን እንኑራ!» አለ። ለቀልድ ነበር ያለው። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ሁለቱም ዝም አሉ። ዝም ሲሉ ደግሞ የስፌት መኪናውም ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ እንዲያ ናት፤ እነሱ ሲያወሩ ትሰፋለች፣ እነሱ ጸጥ ሲሉ ጆሮዋን ቀስራ ታቆማለች። ጉሮሯቸውን ጠርገው «ፍሬቻ አሳዪ»፣ «እሺ፣ አሳየሁ» ሲባባሉ መርፌው እንደገና መሮጥ ይጀምራል። «በዚህ ቤት መኪና የሚነዳ እኔ ብቻ ነኝ!» ትላለች አንዳንዴ ጮክ ብላ።

መንዳት የገባት ግን ዳገት ላይ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ትሸነፋለች። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ዓይኗን ወደ እግሯ ትጥላለች።

«እግርሽን አትዪው» አላት በለሆሳስ። እሱ አይጮህም። «ዓይንሽ መንገዱ ላይ ይሁን። ሞተሩን ስሚው። የሕፃኑን ልብ እንደምትሰሚው አድርገሽ ስሚው። አሁን እያቃሰተ ነው አይደል? አታጣድፊው። ድምፁ ወፍራም ሲሆን፣ ያኔ ፍሬኑን ልቀቂ።»

ይህን ቋንቋ ታውቀዋለች። የሚያቃስትን አይጮኹበትም፤ ጊዜውን ይጠብቁለታል። ድምፁ ወፈር ሲል ፍሬኑን ለቀቀች። መኪናው ወደ ላይ ወጣ። አናቱ ላይ ስትደርስ ከፊቷ ባሕር ተዘረጋ፤ ከዚያ ዳገት ጀርባ ባሕር እንዳለ እሱ እስካሁን አልነገራትም ነበር። ዞር ብላ ስታየው ባሕሩን ሳይሆን እሷን እያየ አገኘችው።

እሱ እዚያ ወንበር ላይ ስንት አገር ዞሯል መሰላችሁ! በበረዶ ነድቷል፣ በበረሃ ነድቷል። «ትናንት ሃያ ቶን ብርቱካን ተራራውን አሻግሬ አደረስኩ» ይላታል።

«ለማን?»

«ለማንም።»

ማርሽ ሲያሳያት እጁን እጇ ላይ ያደርጋል። አንድ ቀን ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሊያሳያት እጁን አኖረ፤ አራተኛ ገባ፤ እጁ ግን አልተነሳም። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ለመግባት ያን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም እጇን አልሳበችም። መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ እንዲያው ነዱ።

«ግን አንተ» አለችው በኋላ፣ «እንዲህ አድርገህ እያስተማርክ እውነተኛ መኪና የምትነዳው የት ነው?»

«አልነዳም።»

«ለምን?»

«አልነዳም በቃ» አለና ስክሪኑን ለማጽዳት ጨርቅ ፈለገ። ጨርቁ ትከሻው ላይ ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ሲሸኛት በሩ ላይ «ነገ እመጣለሁ» አላት። «አጥሩ ጋ እቆማለሁ። በስፖኪዮ ታዪኛለሽ።»

በማግስቱ መኪናው ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ ያስተካከለችው ስፖኪዮውን ነው። አጥሩን አየች፤ ማንም የለም። እውነተኛው መኪና የቤንዚንና የአሮጌ ወንበር ሽታ አለው፤ ሲነሳ ጀርባ ላይ ይሰማል። አደባባዩን አንዴ ብቻ ዞራ ወጣች። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲያቃስት የፈታኙ እስክርቢቶ ወረቀቱን ለመንካት ዝቅ አለ። «አታጣድፊው» አለች ለራሷ። ድምፁ ወፈረ፤ ለቀቀች፤ ወጣች።

«ማን አስተማረሽ?» አለ ፈታኙ።

እሷ አጥሩን እያየች ነበር።

ወረቀቷን ይዛ እየሳቀች በሩን ወጣች። ከግንቡ ሥር ሰዎች አንድ ነገር ከበው ቆመዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ምን ሆናችሁ ብላ ትጠጋ ነበር። ያን ቀን ግን የምትፈልገው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ በአጠገባቸው አልፋ ወደ ሱቁ ሮጠች።

«የለም» አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

«መቼ ይመጣል?»

«አላውቅም።»

ከሰዓት ተመለሰች፤ የለም። በማግስቱም የለም። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ሲወዛወዝ አየችና «እዚያ ነው ያለው አይደል?» አለች። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ልጄ፣ የፈለግሽውን አግኝተሻል፤ አልፈሻል። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

እንግዲህ ይኼ ሁሉ ጨዋታ ነበር አለች በልቧ። ያ አሮጊት፣ ያ ባሕር፣ ያ አራተኛ ማርሽ። በነጋታው ወደ ጤና ጣቢያዋ ተመለሰች።

ቅጠሉን ከመኪናዋ ላይ የጠረገችው ራሷ ናት። በሁለተኛው ሳምንት መንታ ያረገዘች ሴት ይዛ በዝናብ ወረደች። ኮረኮንቹ ላይ ሴትዮዋ ስትጮህ፣ መጥረጊያው ግራና ቀኝ ሲል፣ «ዓይንሽ መንገዱ ላይ ይሁን» የሚል ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይመጣል። «ዝም በል አንተ ውሸታም!» ትለዋለች ጮክ ብላ። «እኔን ነው ሲስተር?» አለች ምጥ ላይ ያለችው ሴት። መንታዎቹ ሆስፒታል ደርሰው በሰላም ተወለዱ። እሷ ግን ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ መሪው ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። እንዲህ አድርጋ አምስት ወር ሙሉ እየረገመችው፣ በእሱ ድምፅ እየነዳች ቆየች።

በስድስተኛው ወር አንዲት ወላድ አድርሳ በሆስፒታሉ ኮሪደር ስታልፍ፣ ከመድኃኒት መስጫው መስኮት ፊት ከተሰለፉት መሃል አንድ የምታውቀውን ማጅራት አየች። ቀርባ «ብሎን» አለችው።

ዞረ። ግንባሩ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ። እጁ ላይ ያለውን የመድኃኒት ካርቶን ወደ ኪሱ ሊከት ቸኮለ፤ ግን እሷ በዚህ ሥራ የምትኖር ሴት ናት፤ ስሙን አንብባ ጨርሳለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው።

ሰልፉ አለፋቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ከአሥራ ሁለት ዓመቴ። መንጃ ፈቃድ አይሰጡኝም፤ ልክ ናቸው። እንቅልፍ ካጣሁ ይመጣል።» መሬት መሬቱን ያያል። «ያን ዕለት ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ደስ ብሎኝ። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ መጣሁ። በሩ ጋ እንደደረስኩ…»

«በሩ ጋ?»

«ስነቃ ከግንቡ ሥር ነኝ። ሰው ከቦኛል፤ የሚነካኝ ግን የለም። ሱሪዬ ረጥቧል። አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ እየሳቅሽ ወጣሽ። ፊቴን ወደ ግንቡ አዞርኩ።»

ያቺን ግንብ አስታወሰች። የተሰበሰቡትን ሰዎች አስታወሰች። እሷ፣ የሰው ጩኸት ሰምታ የማታልፈው፣ በሁለት እርምጃ ርቀት እሱን ፍለጋ እሱን አልፋው ሄዳለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ከእኔ?» አለች እንባዋ እየወረደ። «ደምና ሽንት ውስጥ ከምውለው ከእኔ ነው የተደበቅከው? ሌላ ሰው ቢሆን አዝን ነበር። አንተን ግን መማታት ነው የሚያምረኝ።»

«ምቺኝ» አለ። ተጠግቶ ከጎኗ ተቀመጠ። አልመታችውም።

ከልብስ ሰፊዋ ጋር ያለው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አላለቀም። አዋላጇ በማግስቱ ሱቁ ስትገባ የስፌት መኪናው ቆመ።

«እትዬ፣ ነግሮኛል» አለች።

«ከነገረሽ ስሚኝ። ከአንቺ በፊት አንዲት ነበረች። የሠርግ ቀን ተቆርጦ ነበር። ምሳ እየበላን እሱ ፊት ለፊቷ ወደቀ። ከወንበሯ ተነሳች፣ የኋሊት እየተራመደች በሩን ወጣች፤ በዚያው ቀረች። እሱ ሁለት ዓመት ከዚህ መጋረጃ አልወጣም። ያን ወንበር የሠራው ያኔ ነው። አንዴ ለቃቅሜ ሰብስቤዋለሁ፤ ዳግመኛ የምሰበስብበት ጉልበት የለኝም። አዝኜለት ነው ብለሽ ከሆነ የመጣሽው፣ በመጣሽበት ተመለሺ።»

«ሐዘኔታ ቢሆን ኖሮ እትዬ፣ አምስት ወር ሙሉ ስረግመው እከርም ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ፊቷን አጨማደደች። «ሲወድቅ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ሳታዪ ቃል አትግቢ።»

ቃል አልገባችም። በየዕረፍት ቀኗ ግን መጣች። በሦስተኛው ቅዳሜ ጠዋት፣ ብሎን አንድ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ብሎኖቹን ጎርሶ እያወራት ሳለ ቃሉ መሃል ላይ ተቆረጠ። ዓይኑ አንድ ቦታ ቀረ። ሳይወድቅ ደረሰችበት። ጣቷን ሰዳ ብሎኖቹን ከከንፈሩ አወጣች፣ በጎኑ አስተኛችው፣ ሹራቧን አጣጥፋ ከጭንቅላቱ ሥር አደረገች፤ መበየጃውን በእግሯ ገፋች፤ ሰዓቷን አየች። ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ አልያዘችውም፣ አልጮኸችም፤ ብቻ «አለሁ፣ አለሁ» ትለዋለች። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች መሃል ወለሉ ላይ ቆማ ቀረች።

ሲነቃ መጀመሪያ ያየው ፊቷን ነው። ወደ ግድግዳው ሊዞር ሞከረ፤ ግን ሰውነቱ ሲረጋ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋው ነበርና የሚዞርበት አጣ።

«አየሽኝ» አለ በደከመ ድምፅ።

«አየሁህ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ነው። እኔ እኮ አሥራ ስምንት ሰዓት የሚያምጡትን የለመድኩ ሰው ነኝ፤ አንተ ገና ወገቤን ሳላስር ጨረስክ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሳቀ። እንባው ወደ ጆሮው ወረደ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመልሳ እጅጌ መስፋት ጀመረች። በኋላ ሲታይ የእጅጌውን አፍ ጥርቅም አድርጋ ሰፍታዋለች። ያን ዩኒፎርም አልፈታችውም፤ እንዳለ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ሰው ሲጠይቃት «የወንድሜ ሽማግሌ ነው፤ እሺ ያሰኘኝ እሱ ነው» ትል ነበር።

ዘመኑ እንዴት ሄደ! ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ በቦታው ባለ መስታወት ፎቅ ቆሟል። ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ሁለት ሴት ልጆች ዩኒፎርም ሰፍታ አልብሳ፣ ዕድሜ ጠግባ አረፈች። ብሎን ጤና ጣቢያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ የአገሩን ሬዲዮ ሁሉ ጠገነ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ስለሚውጥ መውደቁም እየራቀ ሄደ። ድንገተኛ ሲመጣ መሣሪያውን ጥሎ ከአዋላጇ ጎን ይቀመጣል፤ ሆስፒታል ይደውላል፣ ጉሉኮስ ይይዛል፣ «ከፊት ጉድጓድ አለ» ይላል። ስንት እናት እንዳደረሱ መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። አምና እሷ ጡረታ ወጣች። አሁን ከሰዓት በኋላ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያለፈውን ያነሳሉ።

ከሁሉም ግን ቶሎ ቶሎ ትዝ የሚላት አንድ እሑድ ነው፤ ገና ሳይጋቡ፣ ጤና ጣቢያዋን ልታሳየው ለመጀመሪያ ጊዜ ይዛው የተመለሰችበት። ወላድ ሆስፒታል አድርሳ ስትመለስ ነበር። በመንገዱ እኩሌታ ላይ ሰፊ ደረቅ ሜዳ አለ፤ ሰው የለበት፣ ከብት የለበት። መኪናዋን ከመንገዱ አውጥታ አቆመችና ወርዳ የእሱን በር ከፈተች።

«ቦታ እንለዋወጥ።»

«ምን?»

«ገደል የለም፣ ሰው የለም። አጠገብህ ሆኜ የእጅ ፍሬኑን እይዛለሁ። አንደኛ ማርሽ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

መሪውን ረጅም ጊዜ አየው። እጁን ዘርግቶ መዳፉን አኖረበት። የእሷ እጅ ያሞቀው ነበር።

«ሞቃት ነው» አለ ተገርሞ።

ጠበቀችው። ነፋሱ በተከፈተው በር ገብቶ ወጣ። እሱ ግን መዳፉን ቀስ ብሎ አነሳ።

«አልነዳትም።»

«ፈርተህ ነው?»

«አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነው። ግን ይቺ መኪና የወላዶች ናት። አንድ ነገር ባደርጋት ነገ የምትመጣው ሴት ምን ትሆናለች?» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ውስጥ ትንሽ ሐዘን ነበረች፣ ግን ትንሽ ብቻ። «እዚህ ወንበር ላይ ደህና ነኝ። መንገዱ ከዚህም ይታያል።»

በሩን ዘጋችለት፣ ዞራ ገባች፣ ሞተሩን አስነሳች። ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት እያየች ጠየቀችው።

«እንግዲያው ተሳፋሪ ነህ ማለት ነው።»

«ተሳፋሪ ነኝ።»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ኮረኮንች አለው፣ አቧራ አለው። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ሌላ የምታምጥ ትጠብቃለች። ሳልነሳ በፊት ልጠይቅህ…» እጇን ማርሹ ላይ አኖረች። «ወራጅ አለ?»

እሱ መስታወቱን እስከ ታች አወረደ፤ ክንዱን አወጣና ጀርባውን ወንበሩ ላይ ለጠጥ አደረገ።

«ወራጅ የለም» አላት። «ንጂ!»